ላቡ የጨዋታው ነው ወይስ የስኳር መውረድ? በስልክ ፈጣን ቼዝ ለሚጫወቱ የስኳር ታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው

በስልክ የሚደረግ ፈጣን ቼዝ፣ ተጫዋቾቹ ብሊትዝ የሚሉት፣ ለስኳር ታማሚ የተከለከለ ጨዋታ አይደለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲከፍት «ስልኩን ቀሙት» የሚል ምክር ስለሚጠብቅ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የደም ስኳር ከሚገባው በታች ሲወርድ ሰውነት የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሰጣል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰው ይነጫነጫል። ፈጣን ቼዝም ሰዓቱ ሊያልቅ 10 ሰከንድ ሲቀረው እነዚህኑ ያመጣል። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒኖችን የሚወስድ ተጫዋች ማስጠንቀቂያውን «የጨዋታው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አጠገቡ ያሉትም «በጨዋታው ተናዶ ነው» ብለው ሊተዉት ይችላሉ።

አንድ እሑድ በሚዛን ተፈሪ

ቀጥሎ ያለው ቀን የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለማሳያ ያዘጋጀነው ነው።

ዕድሜው 23 ዓመት የሆነ፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት እንውሰድ። ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራል። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቡና ለቀማ ተጀምሯል፣ ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀም። እሑድ ስለሆነ ሥራ የለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንደተለመደው ኢንሱሊኑን ተወግቶ ዳቦ በሻይ ቁርስ አደረገ።

3 ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከፈተ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ ጨዋታ ቢረዝም ቢረዝም 6 ደቂቃ ነው ማለት ነው። አሸነፈ፣ ተሸነፈ፣ እንደገና አሸነፈ። ነጥቡ ትንሽ ከፍ አለ። 6 ሰዓት ላይ እናቱ ምሳ መቅረቡን ነገሩት። «መጣሁ እማዬ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ» አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ አንድ ጨዋታ 6 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ያ ጨዋታ በሽንፈት አለቀ፣ የጠፋውን ነጥብ ለማስመለስ ሌላ ተከፈተ፣ ምሳው ተሸፍኖ ቀረ።

7 ሰዓት ላይ ቡና ተፈላ። ስኳር የሌለበት ሁለት ስኒ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ጠጣ። ረሃቡ የተዋጠ መሰለው። 8 ሰዓት አካባቢ በተከታታይ ሰባት ጨዋታ ተሸነፈ። ሽንፈቱም እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ንግሥቲቱን በነጻ ሰጠ፣ ማንም ጀማሪ የሚያየውን ማት ሳያይ ቀረ። ጣቱ መስታወቱ ላይ ሌላ ካሬ ይነካበታል። አንገቱና ግንባሩ በላብ ረጥቧል። እህቱ ውኃ ይዛ ስትመጣ «ተይኝ!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ደግሞ እንዲህ ሲናገራት ሰምታው አታውቅም።

በዚያች ቅጽበት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር እያሰቡ ነው። እናት ስልኩ ልጃቸውን ባለጌ እንዳደረገባቸው ያስባሉ። እህት ተቀይማለች። እሱ ደግሞ «ዛሬ ቀኔ አይደለም» እያለ ስምንተኛውን ጨዋታ እየከፈተ ነው። ጣቱን ወግቶ ቢለካ ግን የደም ስኳሩ ከ54 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ከ70 በታች መውረድ መታከም ያለበት ነው፤ ከ54 በታች ከሆነ አእምሮ በትክክል መሥራት የሚያቅተው ደረጃ ነው።

ስኳሩ የወረደው በምንድን ነው?

በጨዋታው ሳይሆን በተዘለለው ምሳ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚሰጠው ደመና የመሰለው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ ከተወጋ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ኃይሉ የሚበረታው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የተወጋ ሰው መድኃኒቱ የሚጠነክረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ምሳ ሰዓት ማለት መድኃኒቱ ምግብ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ምግቡ ካልመጣ መድኃኒቱ አይጠብቅም፤ በደም ውስጥ ያለችውን ስኳር ማውረዱን ይቀጥላል። ጥርት ያለው ሬጉላር ኢንሱሊን ደግሞ ከዚህ ይፈጥናል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሥራ ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይበረታል። ሁለቱ ተደባልቀው የሚመጡበት ዓይነትም አለ። የሚወጉት የትኛው እንደሆነ ካላወቁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ብልቃጡን ይዘው ይጠይቁ።

ኪኒን ብቻ ከሚወስዱት መካከል የበለጠ መጠንቀቅ ያለባቸው ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱት ናቸው። ይህ መድኃኒት የሚያመጣው የስኳር መውረድ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉና ኩላሊታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን የሚወርደው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ስለ ጨዋታው ራሱ አንድ ወሬ እናርም። ታላላቅ የቼዝ ተጫዋቾች ቁጭ ብለው በቀን 6000 ካሎሪ ያቃጥላሉ የሚል ነገር በሰፊው ይነገራል። በጥሩ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። አእምሮ ያለ ሥራም ቢሆን ከሰውነት ጉልበት አምስት እጁን አንዱን ያህል ይወስዳል፤ አጥብቆ ማሰብ በዚህ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ቼዝ ስጫወት ስኳሬን ያቃጥልልኛል» ብሎ የእግር ጉዞን መተው ስህተት ነው። እንዲያውም በውጥረት ጊዜ የሚመነጨው አድሬናሊን የአንዳንድ ሰዎችን ስኳር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ልብ የሚመታው ስኳር ወርዶ ይሁን ወጥቶ በስሜት ብቻ መለየት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መለካት ያስፈልጋል።

ምልክቱና ጨዋታው ለምን ይመሳሰላሉ?

ምክንያቱም መልእክተኛው አንድ ስለሆነ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲያወጣ ለማዘዝ። ሰዓት ሲያልቅ፣ ጠላት ንጉሡን ሲከብም ያው አድሬናሊን ይለቀቃል። በቀጥታ በሚተላለፉ አንዳንድ የቼዝ ውድድሮች ላይ የተጫዋቾቹ የልብ ምት በስክሪኑ ጥግ ሲታይ፣ ቁጭ ያለ ሰው ልብ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ምን ያህል እንደሚፈጥን ማንም ያያል።

ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የጨዋታው የልብ ምት ጨዋታው ሲያልቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል። የስኳር መውረድ ግን ስልኩን ቢያስቀምጡትም አይለቅም፤ እየባሰ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ከባድ ረሃብ፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ የዓይን ብዥታ፣ ቃል መጥፋት፣ መደናገር የጨዋታው ስሜት አይደሉም። እንግዲህ ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁለት ጨዋታ መካከል ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ 5 ደቂቃ መቀመጥ። ካልተረጋጋ ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ስኳሩ እንደወረደ ቆጥረው ጣፋጭ ይውሰዱ። ሳይወርድ ጥቂት ስኳር መውሰድ የሚያመጣው ጉዳት፣ ወርዶ ሳለ ሳይወስዱ ከመቅረት ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ለተጫዋች ብቻ የተሰጠ ምልክት የሽንፈቱ ዓይነት ነው። አእምሮ ዋና ምግቡ ግሉኮስ ስለሆነ ሲጎድልበት ቀድሞ የሚዳከመው ትኩረት፣ ፍጥነትና ማመዛዘን ነው። በተከታታይ መሸነፍ ሁሉ የስኳር መውረድ አይደለም፤ እንደዚያ ቢሆን የቼዝ ተጫዋች ሁሉ ሆስፒታል በተኛ ነበር። ነገር ግን ምሳ የዘለለ ኢንሱሊን ተወጊ በድንገት ከደረጃው በጣም የወረደ ስህተት በስህተት ላይ ሲሠራ መለካት ይገባዋል። ሊቼስም ሆነ ቼስ ዶት ኮም የተጫወቱትን ጨዋታ ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጣሉ። የሽንፈቱ ሰዓት ከስኳር መዝገብዎ ጋር ተቀራርቦ ከተገኘ፣ በየቀኑ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እየሆነ ከሆነ ለምሳሌ፣ ለሐኪምዎ ጥሩ መረጃ ነው። መጠኑ ወይም የሚወጉበት ሰዓት መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ ምልክቱ ጭራሽ ላይጎበኛቸው ይችላል። አንደኛው ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወርድበት ሰው ነው፤ ሰውነቱ ስለሚለምደው ማስጠንቀቂያው እየደከመ ይመጣል። ሁለተኛው ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ሰው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናሉ። ላቡን ግን አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ያለ ምክንያት የመጣ ላብ ትልቅ ምልክት ነው።

ፍጥነት ለሀገራችን ጨዋታ አዲስ አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው የሚጀምረው ወረራ በሚባል ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጋቸው ያንቀሳቅሳሉ። ልዩነቱ ግን በሰንጠረዥ ፊት ለፊትዎ ሰው መቀመጡ ነው። ላብዎን ያያል፣ ፊትዎ መገርጣቱን ያያል፣ ዙሪያውን የከበቡትም ያያሉ። በስልክ የሚገጥምዎ ሰው ሌላ ሀገር ነው፤ ራስዎን ስተው ቢወድቁ እንኳ «ሰዓቱ አለቀበት» ብሎ ነጥቡን ይወስዳል።

በወረደ ጊዜ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ጨዋታውን ይተዉ። የመስመር ላይ ፈጣን ጨዋታ ማቆሚያ የለውም፤ ሰዓቱ መሄዱን ይቀጥላል። «ይቺን ልጨርስ» የሚሉት 4 ደቂቃ ማመዛዘንዎ በጣም የደከመበት 4 ደቂቃ ነው። የጠፋው ነጥብ በሌላ ቀን ይመለሳል።

ሰውየው ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰድ። ይህም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ለስላሳው «ስኳር አልባ» የሚባለው ዓይነት መሆን የለበትም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ ይድገም። ሲሻለው ምግብ ይብላ፤ ምሳው ከቀረበ ምሳውን፣ ካልቀረበ ሙዝ፣ ቆጮ፣ ጎደሬ ወይም ዳቦ። በሚዛንና በቴፒ ሙዝ ከእጅ አይጠፋምና ብዙዎች ሲወርድባቸው መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው። ሙዝ ግን ስኳሩን የሚለቀው ከማርና ከተበጠበጠ ስኳር ቀስ ብሎ ስለሆነ ሁለተኛ ይሁን። ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም።

ስለ መለካት አንድ ማሳሰቢያ። ማንጎ ወይም ሙዝ ልጠው፣ ወይም ማር ነክተው ሳይታጠቡ ጣትዎን ቢወጉ በጣትዎ ላይ የቀረው ስኳር ውጤቱን ከእውነተኛው ከፍ ያደርገዋል። የወረደውን «ደህና ነው» ብሎ ሊያሳይዎ ይችላል። እጅዎን በውኃ ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይለኩ።

ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መዋጥ ካልቻለ በአፉ ምንም አይስጡት፤ ማርም ሆነ ውኃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ፣ ክብሪት አያሽትቱት፣ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። እዚያ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። «የስኳር ታማሚ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል» የሚለውን ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። ግሊቤንክላማይድ ወስዶ የወረደበት ሰው ከነቃ በኋላም መልሶ ሊወርድበት ስለሚችል «ተሻለኝ» ብሎ ቶሎ ወደ ቤት እንዲመለስ አይፍቀዱለት።

ከተሻለ በኋላ ምግብ በልቶ፣ ስኳሩ ወደ ቦታው መመለሱ ሳይረጋገጥ ሞተር ሳይክልም ሆነ ባጃጅ መንዳት የለበትም። አእምሮ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ቁጥሩ ከተመለሰ ከቆየ በኋላ ነው።

ቡናው፣ ጨሞውና ጫቱ

በቡና ሀገር ስለ ቡና አትጠጡ ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ አስፈላጊም አይደለም። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግማሹን፣ 200 ሚሊግራም፣ ባታልፍ ይመከራል። እዚህ ላይ የሚያሳስበን ሁለት ነገር ነው። ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከጨዋታውና ከስኳር መውረድ ጋር ሦስተኛ ተመሳሳይ ሆኖ ይመጣና መለየቱን ያከብደዋል። በተጨማሪም ረሃብን ለጊዜው ያደበዝዛል፤ ስኳር የሌለው ቡና ደግሞ ምሳ አይሆንም።

ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ያው ነው። ቅጠሉ ካፌይን አለው። ዝንጅብሉ፣ ሚጥሚጣውና ጤና አዳሙ ሰውነትን ሞቅ ያደርጋሉ፤ ይህም ላቡን ከዚያ የመጣ ያስመስለዋል። የወረደ ስኳርን ግን አያነሡም። «ጨሞ ጠጥቼ ነቃ አልኩ» የሚል ታማሚ ስኳሩ ላይነሣ ይችላል።

ጫት ከሁለቱም ይከፋል። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከስልክ ቼዝ ጋር ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይነጋል። ኢንሱሊን ተወግቶ ጫት ይዞ ለጨዋታ መቀመጥ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አጥብቀን የምንቃወመው ነገር ነው። አረቄና ጠጅም ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ስለሚከለክሉ ከጠጡ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ተኝተው ሳለ ሊያወርዱብዎ ይችላሉ።

የሌሊቱ ጨዋታ

ማታ የሚወጉት ኤንፒኤችም ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሚበረታው፤ ይኸውም እኩለ ሌሊትን አልፎ እስከ ንጋት ማለት ነው። ራት ሳይበሉ ወይም ጥቂት ቀምሰው እስከ 7 ሰዓት ሌሊት ተጫውተው የሚተኙ ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ቤተሰብ የሚያየው ምልክት አለ፦ አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ቅዠትና መጮህ፣ ጠዋት ራስ ምታትና ድካም፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር። ተጫዋቹ ራሱ ድካሙን «አምሽቼ ስለተጫወትኩ» ይለዋል። ምናልባት ልክ ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ሁለት ሦስት ሌሊት በ9 ሰዓት ገደማ መለካት ይለየዋል።

እንቅልፍ ራሱም የሕክምናው አካል ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ማጣት ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ እንዳይጠቀም ያደርጋል፣ በማግስቱም ረሃብ ይጨምራል። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጃል። ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። የማታውን ቡና ወደ 9 ሰዓት ማምጣት ይቻል እንደሆነ በቤት ተነጋገሩበት። የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢያልቅ ልብም አእምሮም ለመርጋት ጊዜ ያገኛሉ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ተጫዋች እዚህ ላይ ልብ ይበል። እንቅልፍ ማጣት የሚጥለውን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መጫወትና የማታውን ኪኒን መርሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ።

ለቤተሰብ

ጥሩው ነገር ፈጣን ጨዋታ አጭር መሆኑ ነው። ሰውየው በደህናው ጊዜ «ስትጨርስ ና» ቢሉት ከ6 ደቂቃ በላይ አይቆይም። መሃል ላይ ስልኩን መንጠቅ ጠብ ብቻ ነው የሚያመጣው። ይልቅ «ይቺን ጨርስና ሌላ አትክፈት» ይበሉት። የስምምነቱ ቃል «አንድ ጨዋታ ብቻ» ሳይሆን «አዲስ አይከፈትም» ይሁን።

በምሳሌአችን ያሉት እናት ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ልጃቸው ኢንሱሊን ተወግቶ ምሳ ካለፈው፣ ከዚያም ያለ ጠባዩ ከተናገረ፣ መጀመሪያ ስኳር በጥብጠው ያቅርቡለት፣ ቁጣው በኋላ ይደርሳል። ስኳሩ የወረደ ሰው «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ እምቢታው ራሱ የአእምሮ መራብ ምልክት ሊሆን ይችላል። አይከራከሩት። ብርጭቆውን በእጁ ያስይዙት፣ አጠገቡ ይቀመጡ። ሲነቃ ምን እንደተናገረ ላያስታውስ ይችላል፤ በዚያ አይያዙበት። እህቱም ይህ ቢነገራት ቅያሜዋ ይቀልላታል።

በቤት ውስጥ ስልክ የሚቻርጅበት ቦታ አንድ እፍኝ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ወይም ትንሽ ጠርሙስ ማር ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ተጫዋቹ ሁልጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና። የምሳ ሰዓት ማስታወሻ ሲያደርጉ ድምፅ ያለው የማንቂያ ደወል ይሁን፤ ተራ መልእክት ከሆነ በጨዋታ ጊዜ ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ ስለሚያደርጉት አይሰማም። የመለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም አይገኝም፤ በየጨዋታው ለኩ አንልም። ጥቂት ካለዎት ለመኝታ በፊት፣ ከመንዳት በፊትና ምልክት ሲመጣ ያቆዩት።

ለተጫዋቹ ደግሞ ከፈጣን ጨዋታ ወደ ረዘም ያለ፣ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ወደሚሰጠው መሸጋገር የሚያስብበት ነገር ነው። የጨዋታ ችሎታም የሚያድገው በዚያ ነው ይላሉ አሰልጣኞች። ጥቂት ጨዋታ፣ በመካከሉ መነሣት፣ በመስኮት ሩቅ ማየት። ስክሪን ላይ ሲያፈጡ የዓይን መርገብገብ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር መመልከት ይረዳል።

ጨዋታው ከልክ አልፎ እንደሆነ የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። መለያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው መቆጣጠር ማቃቱ፣ ጨዋታውን ከሌላው ሁሉ ማስቀደሙ፣ ጉዳት እያየም መቀጠሉ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል መቆየቱ ነው። እሑድ ሙሉ የተጫወተ ሰኞ ሥራውን የሚሠራ ሰው በዚህ አይመደብም። ኢንሱሊኑን ለመወጋት ወይም ለመብላት ጨዋታውን ማቋረጥ ለወራት ያቃተው ሰው ግን ርዳታ ያስፈልገዋል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግር።

ወደ ጤና ተቋም የሚኬደው መቼ ነው?

በሳምንት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ስኳሩ ከ70 በታች የሚወርድ ከሆነ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን ሌላ ሰው ረድቶት የተነሣ ከሆነ፣ ወይም ድሮ ይሰማው የነበረው ምልክት አሁን የማይሰማው ከሆነ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይሂድ። ልብ መምታቱ ስኳሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሳይጫወትም የሚመጣ ከሆነ፣ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከመዞርና ራስን መሳት ጋር ከሆነ ስኳሩም ቼዙም ተትቶ ልቡ መታየት አለበት።

ሲሄዱ የስኳር መዝገቡን፣ የመድኃኒት ብልቃጡንና የሚበሉበትን ሰዓት ይዘው ይሂዱ። ስለ ጨዋታውም ሳያፍሩ ይናገሩ፤ «ከሰዓት በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀምጬ እጫወታለሁ፣ ምሳ ይዘገይብኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ለማስተካከል ከብዙ ምርመራ ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል። የኢንሱሊኑን መጠን ግን በራስዎ አይቀንሱ፣ ለመጫወት ሲሉም አይዝለሉት፤ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቋርጥ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ካዩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት።